የእህቴን ድምፅ ያስቀመጥንባቸው ቦታዎች

እህቴ ከእኔ ትበልጣለች። በልጅነቴ አዝላኛለች፤ ዛሬም ይሄን ሁሉ ሽበት ይዤ «እትዬ» እያልኩ ነው የምጠራት። በእኛ በይፋት ቆላ እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች ዱበርቲ ይሏቸዋል። ዱዓ የሚያደርጉ፣ አፋቸው የተባረከ ሴቶች ማለት ነው። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ይጠራሉ፤ ዝናብ ሲቀር ይጠራሉ፤ ልጅ መንገድ ሲወጣ ይጠራሉ።

እህቴ ከሌሎቹ የምትለይበት ነገር ነበራት። የምጡ ዱዓ ረጅም ነው። በአማርኛ ይጀምርና መሀል ላይ ወደ አርጎብኛ ይገባል፤ ከዚያ በነቢዩ ውዳሴ፣ በሰለዋት ይዘጋል። መጀመሪያውንና መዝጊያውን ብዙ ሴት ያውቀዋል። መሀሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከእናታችን እናት የወሰደችው ነው። እኔ ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ቃሉን ግን አላውቀውም። በእኛ ቤት አርጎብኛ ከአያቶቻችን ጋር ነው የተቀበረው። ለእኔ የደረሰኝ የጥቂት ዕቃ ስምና ስድብ ነው። ስድብ አይጠፋም።

የሴቶች ነገር ስለሆነ ወንድ ቁጭ ብሎ አይማረውም፤ ከደጅ ሆኖ ይሰማዋል እንጂ። እኔም ከደጅ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ውስጥ ሴቲቱ ታምጣለች፣ ባልየው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እኔ አጥሩ ሥር ተቀምጬ የእህቴን ድምፅ እከተላለሁ። መሀሉ ላይ ስትደርስ ባልየውን «በል አሁን ቁጭ በል፣ ደርሷል» እለዋለሁ። ሁልጊዜ አይደርስም። ሰውየው ግን ይረጋጋል።

የመጨረሻዋ ልጄ ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር ቤት አላት። ፎቶ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኮፒ ታደርጋለች። እኔ ፀሐዩ ሲበርድ እሄድና በሯ ላይ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ሥራ የለኝም፤ ሰው ሳይ፣ መኪና ሳይ እቆያለሁ። ትምህርቴ የቁርኣን ቤትና የመሠረተ ትምህርት ናት። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ኮምፒውተር የምጽፈው ከልጄ አፍ የሰማሁትን ነው፤ ስሕተት ቢገኝበት የእኔ ነው።

ልጄ የበኩር ልጇን ጤና ጣቢያ ስትወልድ አክስቷ ከጎኗ ነበረች። ነርሷ ልታስወጣት ብትልም አልወጣችም። ልጄ ከአራስ ቤት በወጣች ሰሞን ሱቋ በር ላይ እንደተቀመጥኩ መጣችና፣ «አባዬ፣ ያ መሀሉ ያለው ነገር አክስቴ ጋ ብቻ ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አክስቴ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ዘንድ አፍ አውጥተው አይጠይቁትም። እሷ ግን ጥያቄዋን ይዛ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ ድምፅ መቅጃም ገዛች። በእህቴ ግቢ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ፣ መቅጃውን አፏ ላይ ስትደቅንባት እህቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ የበቆሎ እሸት የሚመስለው ምንድን ነው?»

«ድምፅሽን የሚይዘው ነው አክስቴ።»

«መጀመሪያ ቢስሚላህ ይበል።»

«ዕቃ እኮ ነው፣ አይናገርም።»

«የማይናገር ከሆነ የእኔን ነገር እንዴት ነው የሚናገረው?»

እንዲህ እያለች የመንገዱን ዱዓ ሰጠቻት፤ የዝናቡን፣ የሠርጉን ምርቃት ሰጠቻት፤ የድሮ ሰው ወሬም ጨመረችላት። የምጡን ግን እምቢ አለች። ምጥ በሌለበት ቤት የምጥ ዱዓ አይባልም። ከተባለ ቤቱን ያስምጣል፤ ያለ ሰዓቱ የሚመጣ ነገር ይጠራል። ሌላ ሰው አጥንቶ ያልያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዱዓው የሚሰማው ምጥ በጠና ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ማን ልብ ብሎ ያጠናል?

ስለዚህ ልጄ ምጥ መጠበቅ ጀመረች። «እገሊት ያዛት» ሲባል ሱቋን ዘግታ በባጃጅ ትሮጣለች። የቀወት ገጠር መንገድ ባጃጅ የማያስገባ ሲሆን በእግሯ ትሄዳለች። ከወላዷ ፈቃድ ትጠይቅና መቅጃዋን አክስቷ ጉልበት ሥር ታኖራለች። አንዷ ቶሎ ትወልድና ዱዓው መሀሉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። አንዷ ጋ ውሻ ይጮኻል፣ አንዷ ጋ አማት ታለቅሳለች። ሰዉ ሁሉ ቀለደባት። «አዋላጅ ሆንሽ ወይስ ጋዜጠኛ?» ይሏታል። ከብዙ መመላለስ በኋላ በአንዲት ጎረቤታችን ምራት ምጥ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥርት ብሎ ተያዘ። ልጁም በደኅና ተወለደ። ልጄ ያን ቀን ሱቅ ገብታ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰማው እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ፎቶ ሊነሳ የመጣው ሰው ሞት የተረዳች መስሎት ሳይነሳ ተመልሶ ሄደ።

ከዚያ ድረ ገጽ ሠራችለት። በኢንተርኔት ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚሰማው ማለት ነው። ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ሰሙት፤ ጻፉላት። ለእህቴ ነገርናት።

«ጅዳ ድረስ ሰሙኝ?»

«ሰሙሽ እትዬ።»

«ታዲያ የአሜናቸው ድምፅ የታለ?»

ልጄ ድምፁን ሦስት ቦታ አኖረችው። አንዱ ሱቋ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አንዱ ድረ ገጹ ያለበት፣ አዲስ አበባ የአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እንደ ትልቅ መጋዘን በለው። የብዙ ሰው ድረ ገጽ እዚያ ይቀመጣል። ቀንም ሌሊትም አይጠፋም።»

«ዘበኛ አለው?»

«አለው አባዬ» አለችና ሳቀች።

ሦስተኛው ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ትለዋለች። «ይሄን አንተ ቤት አስቀምጥልኝ። ሱቁ ቢቃጠል፣ ሌባ ቢገባ፣ ይሄ ይተርፋል።»

ይሄ ለእኔ አዲስ ትምህርት አልነበረም። አባቴ ከአዝመራው ምርጥ ምርጡን የማሽላ ራስ ለዘር ሲለይ ከፊሉን ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ከፊሉን ደግሞ በአህያ ጭኖ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ላለ ወዳጁ ይልካል። ብርዱ ነቀዝ አያስቀርብም። ወዳጁ ክርስቲያን ነበር፤ ፋሲካና ኢድ ተጠራርተው ይበላሉ፣ ሥጋው ብቻ ለየብቻ ነው። አንድ ዓመት ጎርፍ ቤታችንን ከነምድጃው ሲወስደው ያ ሰው ዘራችንን በአህያው ጭኖ አወረደልን። እህል ያለው ሰው ሀብታም ነው፤ ዘሩን ሰው ዘንድ ያኖረ ሰው ነው የሚያድረው፣ ይል ነበር አባቴ። ስለዚህ ልጄ ያንን ጥቁር ዕቃ ስትሰጠኝ ነገሩ በደንብ ገባኝ። ወስጄ ለባለቤቴ ሰጠኋት። በእኛ ቤት ዕቃ የሚያስቀምጠው እሷ ናት።

ከዚያ እህቴ ወደቀች።

ለዙሁር ሰላት ውዱእ ስታደርግ ነው፤ የምትታጠብበት ማሰሮ ከእጇ አመለጠ፣ እሷም ተከተለችው። ደብረ ብርሃን ወሰድናት። ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሷ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጇና እግሯ ግን ደከሙ፣ አፏም ተያዘ። ሐኪሙ ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ታውቃለች፣ ቃሉ ነው አልወጣ ያላት አለን። የዚያን ሁሉ ሴት ምጥ ያበረደ አፍ፣ «እ» ከማለት በቀር ምንም አልቀረውም።

አልጋ ላይ ሆና ከሁሉ በፊት ያደረገችው ነገር ይሄ ነው፤ በግራ እጇ ጆሮዋን ነካች፣ ከዚያ ወደ ልጄ ስልክ ጠቆመች። ልጄ ወዲያው ገባት። ድምፅሽን አሰሚኝ ማለቷ ነው። ድረ ገጹን ከፈተችው፤ የለም። ደግማ ሞከረች፤ የለም። ስልኳና መቅጃው ላይ የነበረውን፣ ቦታ ሲጠባት አጥፍታው ነበር። «ኔትወርክ ነው አክስቴ፣ ቆይ» ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ድርጅቱ ዘንድ ደወለች። ብዙ ካስጠበቋት በኋላ አንድ ትሑት ልጅ አነጋገራት። ሰርቨሩ ተበላሽቷል፤ የብዙ ደንበኛ ነገር ጠፍቷል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

«መጠባበቂያ ቅጂ ትይዙ የለም እንዴ?» አለችው።

«እንይዛለን እህቴ። ቅጂውም እዚያው ማሽን ላይ ነበር።»

ልጄ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደገፈች። ምን እንዳላት ነገረችኝ። ዘሩንም እህሉንም አንድ ጎታ! አልኩ በሆዴ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ባለበት ቤት አንድ ዳገት ላይ ያለ ወዳጅ እንዴት ይጠፋል? የድርጅቱ ልጅ ግን አንድ ነገር ብሏት ነበር፤ ፋይሎችሽን ላኪልን፣ ያለ ክፍያ መልሰን እንጭነዋለን። እሷም ሱቅ እንደተመለስኩ እልካለሁ አለች።

እህቴን ይዘን ወደ ቆላ ወረድን። የመኪናው መናወጥ ሲያደክማት፣ አሁንም አሁንም ጆሮዋን እየነካች ወደ ልጄ ታያለች። «ሮቢት ስንገባ አክስቴ» ትላታለች።

በማግስቱ ልጄ ሱቋን ከፈተች። ደጁ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ሰዉ ሁሉ ጥላ ሥር ገብቷል። መብራት ሄደ። መሄዱ ምንም አይደለም፤ የለመድነው ነው። አመጣጡ ነው የከፋው። ቦግ ብሎ መጣ፣ ከውስጥ ጠሽ የሚል ነገር ሰማሁ፣ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ወጣ። ከጎኗ ያለው ለስላሳ ሻጭ «ፍሪጄ! ፍሪጄ!» እያለ ወጣ። የልጄ ኮፒ ማሽን፣ ማራገቢያው፣ ኮምፒውተሩ ሦስቱም ጭስ ጭስ ሸተቱ። ጠጋኝ አስጠርታ ኮምፒውተሩን አስከፈተችው። ፋይል የሚይዘው የውስጥ ዕቃው ሄዷል አላት።

እሷ ግን ቀና ብላ፣ «ግድ የለም፤ አባዬ ጋ አለ» አለች።

ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ብልሃት መሀል የተረፈው የእኔ ቤት ነው። ዱላዬን ይዤ ከእሷ እየቀደምኩ ነበር ወደ ቤት የሄድኩት።

ባለቤቴ ጓሮ ቃሪያ ታጠጣለች።

«ያቺ ጥቁር ዕቃ የት ናት?»

«የቷ?»

«የልጅሽ፤ የእትዬ ድምፅ ያለባት።»

«አለች እንጂ! የት ትሄዳለች? ጎታ ውስጥ ናት።»

ዱላዬን አጥሩ ላይ አስደግፌ ወደ እህል ቤቱ ዞርኩ።

የእኛ የእህል ቤት ከመኖሪያው ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ነው። ውድ ዕቃ ሁሉ እህል ውስጥ መቅበር የድሮ ልማድ ነው። ሌባ ሊዝቀው ጊዜ የለውም፤ ሕፃን አይደርስበትም፤ እሳትም ቢነሳ እህሉ ሳያልቅ አያገኘውም። የባለቤቴ እናት የብር አምባሯን፣ ባለቤቴ ደግሞ የልጆቹን ሰርተፍኬት ማሽላ ውስጥ ሲያኖሩ ነው የኖሩት። እኔ ደግሞ አዝመራ ሲገባ ጎታው ላይ የነቀዝ ክኒን እጨምራለሁ። ክኒኑ መርዘኛ ነው፤ ጭሱ እንዳይወጣ ጎታውን በጭቃና በእበት እመርገዋለሁ፣ ማንንም አላስጠጋም። ያን ዓመትም እንደዚሁ አደረግኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተስ ክኒን ስትጨምር ነግረኸኛል?»

«በየዓመቱ እጨምር የለም እንዴ!»

«እኔስ በየዓመቱ እዚያ አስቀምጥ የለም እንዴ!»

ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ልጄ መሀላችን ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። ክኒኑ በዕቃው ላይ ምን እንደሚያደርስ እሷም አታውቅ ኖሮ፣ «ኧረ ምን አለበት፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው» አለች። ለማጽናናት ነው እንጂ ድምፅዋ አልጣመኝም።

ምርጉን ሰበርኩት። የነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ የበሰበሰ ዓሣም የሚመስል ሽታ ወጣ። ወደ ደጅ ሸሸንና ነፋስ እስኪገባው ጠበቅን። ከዚያ ባለቤቴ እጇን እስከ ብብቷ አስገብታ በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለለውን ዕቃ አወጣች። ሻሹን ስትፈታው ዕቃው ያው ነው። ጭረት የለበትም፤ አቧራ እንኳ የለበትም።

«ይኸው! በእኔ ትቀልዳላችሁ!» አለች ባለቤቴ፤ ልጄ አገላብጣ ሳመቻት። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ በቤታችን እንደዚያ አልተሳቀም።

ልጄ ከሰው ኮምፒውተር ተውሳ ሰካችው። ሲሰካ የምትበራ ትንሽ መብራት አለችው፤ አልበራችም። ገመድ ቀየረች፤ አልበራችም። በጨርቅ ጠረገችው፣ እፍ አለችበት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሙቀት ይሆናል፤ ይቀዝቅዝ እስቲ» ትላለች።

አዲስ አበባ ይዘነው ሄድን። እኔ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ጠጋኙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ዕቃውን ከፍቶ በማጉያ መነጽር ካየ በኋላ አሸተተው።

«ከሽንኩርት ጋር ነው እንዴ ያስቀመጣችሁት?»

ልጄ ነገረችው። ማጉያውን ዐይኑ ላይ እንዳደረገ ቀና ብሎ አየን። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

«ይሄ ጥቁር የሆነው ሁሉ መዳብ ነበር። የክኒኑ ጋዝ መዳብ ይበላል። እህሉን አድኖላችኋል፣ ይሄን ጨርሶታል።»

ቢሆንም ተወው አላለንም። የውጭውን ክፍል ከሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ቀየረው፤ ቆይተን እንድንመለስ ነገረን። ስንመለስ ከዕቃው የወጣ ነገር ነበር። የጉርድ ፎቶ ወጣ። ማመልከቻ ወጣ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ከልጄ ሱቅ የተጻፈ የሰው ወረቀት ሁሉ ወጣ። ድምፆቹ ያሉበት ቦታ አልተነበበም። ልጄ «ደግመህ ሞክር» አለችው። ደግሞ ሞከረ። «እህቴ፣ ልዋሽሽ አልችልም» አላት።

ስንመለስ ጣርማበር ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም። ልጄ መስታወቱን ተደግፋ፣ «ሦስት ቦታ ነበር አባዬ» አለች። «ሦስት ቦታ።» ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም ብላት የእናትሽ ነው፣ የእኔ ነው ማለት ይሆናል። የማንም አይደለም ብላት ደግሞ አታምነኝም። ደብረ ሲና ስንደርስ ዳቦ ገዛሁላት። አልበላችም፤ ጉልበቷ ላይ ይዛው ወረደች።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ እህቴ ቤት መሄድ ተወች። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ሾርባ ይዛ የምትሄደው፣ የምታጥባት፣ የምታገላብጣት እሷ ነበረች። አሁን ሾርባውን ሠርታ በእኔ ትልካለች። «ፊቷን እንዴት አየዋለሁ?» ትላለች። «አታውቅም እኮ» እላታለሁ። «እኔ አውቃለሁ» ትለኛለች።

እውነት ነው፣ እህቴ አታውቅም ነበር። በገባሁ ቁጥር ጆሮዋን ትነካለች። እኔም «ኢንሻአላህ» እላለሁ። ኢንሻአላህን እንደዚያ አድርጌ ለመሸሺያ ስጠቀምበት ራሴን ታዘብኩ። አንድ ጁምዓ ከሰላት መልስ ምንጣፏ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጎታው። ስለ ጎታው ስነግራት የአፏ አንድ ወገን ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ዐይኗን ጨፈነች። የምትቆጥርባት ሙስበሃ ግራ እጇ ላይ ነበረች፤ ጣቷ ቆመ። ልወጣ ስነሳ ልብሴን ያዘችኝና ከእንስራው አጠገብ ወዳለው ባዶ የሾርባ ሳህን ጠቆመች። ባለቤቴን ጥራልኝ ማለቷ ነው።

ባለቤቴ ስትገባ ውስጥ ምን እንደተደራረጉ አላየሁም። ለቅሶ ሰማሁ። ስትወጣ «በእጇ አጥቢኝ አለችኝ» አለች፤ ውሃ ልታሞቅ ሄደች።

ልጄ ግን መፈለጓን አልተወችም። ድረ ገጹን ሰምቶ ስልኩ ላይ ያስቀረ ሰው ይኖራል ብላ ለሁሉም ደወለች፤ ዓረብ አገር ላሉት ጻፈች። ሰዉ ሰምቷል እንጂ አላስቀረም። «ሁልጊዜ እዚያው የሚኖር መስሎን» ይላሉ። በመጨረሻ ጀውሃ፣ ከባድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ሴት፣ «እኔ አለኝ» አለች። ልጄ ስልኳ ላይ እስኪደርሳት መቆም መቀመጥ አቃታት። ደረሰ፤ ከፈተችው።

የእህቴ ድምፅ አልነበረም። የራሷ የሴትዮዋ ነው። እህቷ በምትወልድበት ጊዜ ኔትወርክ ቢጠፋ ብላ ከድረ ገጹ እየሰማች አጥንታ፣ በራሷ አፍ ስልኳ ላይ ቀድታ ያዘችው። ከኋላዋ የድስት ክዳን ይሰማል፤ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አይደለችም» አለችኝ።

«ቃሉስ?» አልኳት።

ለእህቴ አሰማናት። መጀመሪያ ዐይኗ በራ፤ የራሷ እንዳልሆነ ስታውቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጄ ልታጠፋው ስትል ግን መሀሉ ላይ ደረሰ፤ እህቴ ዞረች። ጥቂት አዳመጠችና ግራ እጇን ከፍ አደረገች፤ መኪና እንደሚያስቆም ፖሊስ። ልጄ አቆመችው፤ መልሳ አጫወተችው። እዚያው ቦታ ላይ እጇ ተነሳ። ሦስተኛም እዚያው።

«ተሳስታለች አባዬ» አለች ልጄ። «እዚህ ላይ ስሕተት አለ፤ አክስቴ እያረመች ነው።»

የጀውሃዋን ሴት ጠራናት። ሥራዋን ለሰው ትታ በማለዳ መኪና መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፅዋ ከውጭ የሚሰማ ሴት ናት። እህቴ እግር ላይ ተደፍታ ሳመችና፣ «እትዬ፣ የርስዎን ነገር በድስት ክዳን አጅቤዋለሁ፤ ዐፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ፈራች።

«ምጥ እኮ የለም» አለች። «ምጥ በሌለበት ቤት…»

ሁላችንም እህቴን አየን። እህቴ ባለቤቴን አየቻት፤ ከዚያ በደከመው ቀኝ እጇ ላይ ግራዋን አኑራ ለጀውሃዋ ሴት ራሷን ነቀነቀችላት። በይ ማለቷ ነው። ያን ሕግ ሲጥሱባት ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት። እኔ ወንድ ነኝና ተነስቼ ወጣሁ፤ እንደ ድሮዬ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ከደጅ የሰማሁት ይሄ ነው። ሴትዮዋ ትጀምራለች፤ አማርኛው በደኅና ያልፋል። መሀሉ ላይ ትገባለች፤ ጥቂት ሄዳ ድንገት ዝም ትላለች። እጅ ተነስቷል ማለት ነው። ቃሉን እንዲህ አድርጋ ትሞክረዋለች፣ እንዲያ አድርጋ ትሞክረዋለች። አንዳንዴ ያገኙታል፤ «እሰይ!» የሚል የልጄ ድምፅ ይሰማል፣ ዱዓው ይቀጥላል። አንዳንዴ አያገኙትም። ሴትዮዋ አርጎብኛ አታውቅም፤ የሰማችውን ነው የምትለው። እህቴ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ማውጣት አትችልም። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ ዜማው የሚሰበርበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ምን እንደጎደለ አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ በጣም ቆዩ። የእህቴ «እ፣ እ» የሚለው ድምፅ እየጨመረ መጣ፤ ምንጣፉን በመዳፏ ስትመታው ሰማሁ። ከዚያ ለቅሶዋን።

ልጄ ወጣች። መቅጃውን ይዛለች፤ አልዘጋችውም።

«ስሕተቱንም ትቀጃለሽ?» አልኳት።

«እጇ የሚነሳበትን ቦታ ሁሉ እቀዳለሁ። ቃሉን የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ቢመጣ፣ የት ጋ እንደጎደለ ይስማ።»

«የት ታስቀምጪዋለሽ?»

«ለሁሉም እሰጣለሁ። የቀዳሁትን ሁሉ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም።»

ከአስር ሰላት በኋላ የጀውሃዋ ሴት መኪና እንዳያመልጣት ተነሳች። በሳምንት እመለሳለሁ አለች፤ ጫማዋን አደረገች። ልሰናበታት ወደ በሩ ቀረብኩ። እህቴ ዐይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ደክሟል፤ የሻሿን ጫፍ ያዘቻት። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ልታስለቅቃት ሞከረች፤ አልለቀቀችም። ባለቤቴ «እትዬ፣ ደክሞሻል፣ ይበቃል ዛሬ» አለቻት። አልሰማቻትም።

መንገድ ላይ የጀውሃ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሴትዮዋ ወደ መንገዱ አየች፣ ወደ እህቴ አየች፤ ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና እንደገና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እሺ በሉ» አለቻት፤ «ከየት ልጀምር?»